ኖራ የማይነካው አረንጓዴ

ሚስቴ አታውቀውም። ፓስተራችን አያውቅም። አብረውኝ ሃያ ዓመት ያስተማሩ ባልደረቦቼም አያውቁም። እኔ፣ ስለ ሁሉ ነገር አስተያየት የማያጣው ሰውዬ፣ ይህችን አንዲት ነገር ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ዋጥ አድርጌ ኖርኩ። አሁን ለእናንተ ልናገር ነው። እንድታዝኑልኝ አልፈልግም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

አስቀድሜ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ጥፋቴ አይገባችሁም። ወላይታ ሶዶ ውስጥ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ጎበዝ መምህር ነኝ። ይህን ስል አላፍርም፤ ለምን አፍራለሁ? ያስተማርኳቸው ሐኪም፣ ኢንጂነር፣ መምህር ሆነው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ዛሬም «አቶ ክሮም!» እያሉ ይጠሩኛል። ስሙን ያወጡልኝ በአንድ ትምህርት ምክንያት ነው። በየዓመቱ አንድ ቀን ተማሪዎቼን ሜዳ ላይ ራቅ አድርጌ አቆምና ብርቱካናማውን አሞኒየም ዳይክሮሜት ሸክላ ላይ ቆልዬ እለኩሰዋለሁ። እንደ ትንሽ እሳተ ገሞራ እየተንጣጣ ይተፋል፤ ተማሪው ይጮሃል። ሲበርድ የሻይ ቅጠል የመሰለ፣ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ አመድ ይቀራል። ክሮሚየም ኦክሳይድ ማለት እሱ ነው። ሁለት ክሮሚየም፣ ሦስት ኦክስጅን።

እኔ ይህን አመድ ስወደው ለጉድ ነው! አሲድ ብታፈሱበት ንቅንቅ አይልም። ፀሐይ አያደበዝዘውም። ከሁለት ሺህ ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም። ብርጭቆ ይጭራል። ጠርሙስን አረንጓዴ የሚያደርገው እሱ ነው፤ የሴራሚክ ቀለም ውስጥ አለ፤ ምላጭ በቆዳ ላይ የሚሳልበት አረንጓዴ ቅባትም እሱ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኖራ አይነካውም። ስንቱን ቀለም የሚበላው ኖራ ይህን ሲያገኝ ምንም ማድረግ አይችልም። ይህን በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰምርበታለሁ። የማላውቀው ነገር አልነበረም እኮ!

የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሲሠራ ሁላችንም አንድ ሆነን ወጣን። ሴቶች ውሃ ቀዱ፣ ወንዶች ድንጋይ ተሸከሙ፤ በዝማሬ ነበር የሚሠራው። እኔ የሕንፃ ኮሚቴ አባል ነበርኩ፤ ኬሚስትሪ ያውቃል ተብዬ የቀለሙ ነገር ለእኔ ተሰጠኝ። ልስኑን የያዘው አንጁሎ ነበር።

አንጁሎ ከገሱባ የመጣ የኖራ ባለሙያ ነው። ኖራውን ጉድጓድ ውስጥ በውሃ ያርሰዋል፣ ይሸፍነዋል፣ ወር ከምናምን ያቆየዋል። በየጠዋቱ በእንጨት እየጠነቆለ ያየዋል። እሱ «ገና ነው» ካለ ገና ነው፤ ማንም አያስቸኩለውም። ወገኖቹ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለማያውቅ ልንገር፤ ድሮ ከነሱ ጋር አብሮ መብላት የለም፣ መጋባትማ አይታሰብም። ዛሬ ሁላችን በክርስቶስ አንድ ነን እያልን እንዘምራለን፤ ነገር ሲበላሽ ግን ዓይናችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደነሱ ነው። አንጁሎ በዚህ ከተማ፣ በዚህን ያህል ሰው ፊት፣ ሥራ በስሙ ሲሰጠው ያ የመጀመሪያው ነበር። ሁለቱን ትልልቅ ልጆቹን ይዞ የመጣው ሶዶ ውስጥ ስም ሊያወጣላቸው ነው። እኔ በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችለውን ሰው «አንተ» እለው ነበር። እሱ «እርስዎ» ይለኛል።

ቀለሙን ልንመርጥ አብረን ወደ ከድር ሱቅ ሄድን። ከድር አባቱ ከስልጤ መጥተው ሶዶ የከተሙ፣ የቀለምና የብረታ ብረት ነጋዴ ነው። ሁለት አረንጓዴ ዱቄት አወጣልን፤ ሁለቱም በላስቲክ የታሰሩ፣ ምንም ያልተጻፈባቸው። አንዱ ደብዛዛና ከበድ ያለ ነው። ሌላው ዝናብ የጠገበ ሣር መስሎ ያበራል።

«መምህር፣ ለኖራ ሁሉም ደብዛዛውን ነው የሚወስዱት» አለኝ ከድር። «ይሄኛው ለበርና ለመስኮት ነው፣ ወላሂ።»

አንጁሎም ዱቄቱን በጣቱ አሸት አሸት አደረገና፣ «መምህር፣ ከፈቀዱ ዛሬ በጣሳ የኖራ ውሃ ውስጥ እንጨምረውና ነገ ጠዋት እንየው» አለ።

ምን ነበረበት እሺ ብል? ደብዛዛው በየዓመቱ በእጄ የምይዘው አመድ ራሱ መሆኑን ዓይኔ ያያል። እኔ ግን አዳራሻችን ከሩቅ እንዲያበራ፣ ያየው ሁሉ «ይህን ያመጣው ማነው?» እንዲል ፈለግሁ። በዚያ ላይ ለእኔ፣ ለአቶ ክሮም፣ ስለ አረንጓዴ ቀለም ልሳኝና ባለሱቅ ያስተምረኛል?

«አንጁሎ፣ አንተ ኖራህን ያዝ፤ ኬሚስትሪውን ለእኔ ተው» አልኩት። ከድር ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። አንጁሎ አልሳቀም። የሚያበራውን አስመዘንኩ።

ቀለሙን ከኖራው ጋር ደባልቀን ግድግዳውን ቀባነው። በማግስቱ ጉበት የመሰለ ቡኒ ነገር እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ አለ። ሳምንት ሳይሞላው ግድግዳው በሙሉ ዝጎ የተጣለ ቆርቆሮ መሰለ። ለምረቃው ከቢጠና፣ ከገሱባና ከዱቦ በኩል እንግዶች ተጠርተዋል፤ ቀኑ ቀርቧል።

ቅዳሜ ከሰዓት ብቻዬን የትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ገባሁ። የሚያበራውን አረንጓዴ ኖራ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት፤ ዓይኔ እያየ ቡኒ ሆነ። ከድር ለናሙና ከሰጠኝ ደብዛዛም ጨመርኩ፤ ንክች አላለም። የሚያበራው ለካ ክሮሚየም ኦክሳይድ አይደለም፤ ሰማያዊና ቢጫ ተደባልቆ የተሠራ ነው። ሰማያዊው ውስጥ ብረት አለ፤ ኖራ ሲያገኘው ወደ ዝገት ይለወጣል። ይህን ለማወቅ አንድ ጣሳ ይበቃ ነበር፤ አንጁሎ የጠየቀኝ ጣሳ።

በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ ጉዳዩ ለጉባኤው ቀረበ። ውሃ የቀዳውም ድንጋይ የተሸከመውም ምን እንደሆነ የማወቅ መብት አለውና። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተነሣሁ። እኔ ድምፀ ጎላ ነኝ፤ ማይክ አልፈልግም።

«ቀለሙ ምንም አልሆነም» አልኩ። «ኖራው ጥሬ ነው። ጥሬ ኖራ ቀለም ያቃጥላል።»

አልኩ። እኔ አልኩት፤ በዚህ አፌ። ያ ኖራ እንኳን ጥሬ ሊሆን፣ እንደ ቅቤ የለሰለሰ፣ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ በደንብ የበሰለ ኖራ ነበር። ከኋላ አንዲት ሴት «ድሮስ ከሸክላ ሠሪ ምን ይጠበቃል?» አለች። ሰማኋት። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የተናገረችው እሷ ብትሆንም በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ።

አንጁሎ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ተነሣ። ልጆቹ ግራና ቀኝ አሉ። አየኝ። ከዚያ «መምህር ካሉ፣ እሺ» አለ።

ግድግዳውን ከነልጆቹ ፋቀው። ከዚያው ከጉድጓዱ፣ ጥሬ ካልኩት ኖራ ቀድቶ እንደገና ለሰነው። ከድር ዘንድ ሄዶ ደብዛዛውን አመጣና ቀባው። ምረቃውን ሳይጠብቅ ወደ ገሱባ ሄደ። በምረቃው ዕለት ጉባኤው በእልልታ የወላይታ ዱንጉዛ ጋቢ አለበሰኝ፤ ቀለሙን ያስለወጥኩት እኔ መስሏቸው፣ ቀለሙን በሳይንስ ላዳነው መምህር ተብሎ። ለበስኩት። ዛሬም ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ግድግዳው አሁንም ቆሟል። የስንት ክረምት ዝናብ ወርዶበት፣ የስንት በጋ ፀሐይ ገርፎት፣ ያው አረንጓዴ ነው። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ወስጄ መዳፌን አስደግፌበት «ክሮሚየም ኦክሳይድ ማለት ይህ ነው!» እላለሁ። እኮራበት ነበር። በሰው ሥራ፣ ስሙን አጥፍቼ ባባረርኩት ሰው ሥራ እኮራ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እስካሁን የነገርኳችሁ ውሸት የለበትም፤ ግን ደግሞ ሙሉ አይደለም። ሳላውቅ የተሳሳትኩ፣ ኋላ ደንግጬ የዋሸሁ አስመስዬ ነው የነገርኳችሁ። ዛሬም ራሴን ላሳምር እየሞከርኩ ነው፤ ዐመል አይለቅም መሰለኝ።

ግድግዳውን በቀባንበት ጠዋት ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። የመስኮቱ ደፍ ላይ አንዲት ጣሳ ተቀምጣለች። ውስጧ የኖራ ውሃ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ቡኒ አተላ። ዳር ዳሯ ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ትንሽ ተርፏል። አንጁሎ አምሽቶ ሞክሮታል፤ በሰው ፊት እንዳያሳፍረኝ እኔ ብቻ የማየው ቦታ ትቶልኛል። ገባኝ። ወዲያው ነው የገባኝ። ውጭ ሰዉ ባልዲና ብሩሽ ይዞ እየዘመረ ይመጣል፤ ሁሉም የእኔን ትእዛዝ ነው የሚጠብቀው። «ተሳስቻለሁ» ማለት ሞት ሆነብኝ። ጣሳዋን ከግቢው ጥድ ሥር ደፋሁ። አጠብኳትም። መድፋቴን በድንጋጤ ነው ልላችሁ እችል ይሆናል፤ ማጠቤን ግን ምን እላችኋለሁ? ከዚያ ወጥቼ «ጀምሩ!» አልኩ። እንግዲህ ቅዳሜ ላብራቶሪ የገባሁት እውነቱን ፍለጋ አልነበረም። የትኛው ውሸት እንደሚያዋጣኝ ልመርጥ ነው።

ዘንድሮ ጡረታ ልወጣ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ግድግዳው ላይ በስሜ የእብነ በረድ ጽሑፍ ልታኖር አስባ፣ ድንጋዩ ተቀርጾ መጣ። አየሁት። ስሜ ያምራል። በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ገሱባ ወረድኩ።

አንጁሎ አርጅቷል። ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የተቀቀለ የቦይና ሥር ከዳጣ በርበሬ ጋር አቀረቡልኝ። ያኔ የተናገርኩት ሶዶን ዞሮ፣ ልጆቹን ለኖራ ሥራ የሚጠራቸው ጠፍቶ፣ አንዱ ሞተር ሳይክል እየነዳ፣ አንዱ እያረሰ እንደሚኖር እዚያው ሰማሁ።

«ጋሼ አንጁሎ፣ በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጣሳዋንም።

እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ «ግድግዳው እንዴት ነው?» አለኝ።

«አለ። አልለቀቀም።»

«አይለቅም!» አለ፣ ቀና ብሎ። እንዲህ የኮራ ፊት አይቼ አላውቅም፤ የእኔ ኩራት ከእሱ አጠገብ አፈረብኝ። ቀጠለና ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለኝ። «ጣሳዋን ታጥባ ነው ያገኘኋት። የዚያኑ ቀን አውቄአለሁ። ለእኔ የማውቀውን ብትነግረኝ ምን ያደርግልኛል? ልጆቼ ቆመው በሰሙበት ቦታ ተናገር። ይቅርታውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

ሰበብ የለኝም። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ጎልማሳ ነበርኩ። አላወቅኩም አልልም፤ ከማንም በላይ አውቅ ነበር። እብነ በረዱን የአንጁሎን ስም እንዲቀርጹበት መልሼ ልኬዋለሁ። እሁድ አንጁሎ ከልጆቹ ጋር ይመጣል፤ የሚያመጣቸውን መኪና እኔ ነኝ ይዤ የምሄደው። ከአምልኮ በኋላ ዱንጉዛውን በእጄ ይዤ፣ ያኔ በቆምኩበት ቦታ እቆማለሁ። ኖራው በስሎ እንደነበር፣ ግድግዳው የአንጁሎ እንደሆነ፣ የዋሸሁት እኔ እንደሆንኩ እናገራለሁ። ያኔ ያለ ማይክ ከኋላ የተቀመጠው ሁሉ ሰምቶኛል። አሁንም ይሰማኛል።