በር ላይ የሚውል ቁልፍ

እትዬ ዜዛ በጎዞ ደሴት፣ በእኛ በናዱር መንደር፣ ደጃፋቸው ተቀምጠው ዳንቴል ሲሠሩ የኖሩ ሴት ነበሩ። አንድ የጥቅምት ቀን፣ ከስዊድን ከነልጆቿ መጥታ ፊት ለፊታቸው ያለውን ቤት የተከራየችው ሲግኔ ሻንጣ ስታወጣ አዩአት።

«ምነው ልጄ፣ ገና በወርሽ?»

«ልመለስ ነው፣ እትዬ። ልጆቼ ጓደኛ አጡ። አንድ ሰው እንኳ ቤቴን ረግጦ አያውቅም።»

«በየት በኩል ይርገጠው? ቁልፉን ነቅለሽ ይዘሽዋል!»

«ቁልፍ ኪስ ውስጥ አይደል እንዴ የሚቀመጠው?»

«እሱ በእናንተ አገር ነው። እዚህ በውጭ በኩል በሩ ላይ ተሰክቶ ይውላል። ከተነቀለ ‹እንግዳ አንፈልግም› ማለት ነው። እኛ ደግሞ ኩሩዎች ነን፤ አናስቸግርም።»

«ሌባ ቢመጣስ?»

«እኔ እዚህ ተገትሬ? ምን ቆርጦት!»

ሲግኔ እያመነታች ቁልፉን ሰካችው። ሻንጣውን መልሳ ሳታስገባ የመንደሩ ዳቦ ጋጋሪ ሚስት አይብ የተሞላ ትኩስ ቂጣ ይዛ፣ «ቤቶች!» እያለች ዘልቃ ገባች። ሦስት ልጆቿም ኳሳቸውን ይዘው ተከተሏት። ከዚያማ መንደሩ ሁሉ ጎረፈ።

አመሻሹ ላይ ሲግኔ ፊቷ በሳቅ ቀልቶ ብቅ አለች።

«እትዬ፣ አሁን ደግሞ እንግዶቹ እንዴት ነው የሚወጡልኝ?»

እትዬ ዜዛ ከዳንቴሉ ቀና ሳይሉ፣ «እሱን ሰባ ዓመት ኖሬም አላወቅሁት» አሏት።