ሃምሳ አለቃ ዮስት ለምርጫ የቆሙ ዕለት

ያገናኘን ዝናብ ነው። ከላንካስተር ስመለስ አንጥረኛው ማቴስ ቤት ሮጬ ስገባ፣ አንድ ሽማግሌ ምድጃው አጠገብ ቀጥ ብለው ቆመው የአሮጌ ኮታቸውን ቁልፎች በአመድ ይወለውላሉ። የሰፈሩ ሚሊሻ ሃምሳ አለቃ፣ ዮስት፣ መሆናቸውን ማቴስ ነገረኝ። ከሰዓት በኋላ ምርጫ አለ፤ ወይ ሹመታቸው ይጸናል፣ ወይ ይሻራሉ።

«መቀመጫ እያለ ለምን ይቆማሉ?» አልኳቸው።

«ከተቀመጥኩ ኮቱ ይጨማደዳል።»

ጨዋታ ወዳጅ ነኝና አወጣጣኋቸው። በወጣትነታቸው፣ በጀርመን አገር ያለው የሄሰን መስፍን አሜሪካኖችን እንዲወጉለት ለእንግሊዝ ንጉሥ ካከራያቸው ወታደሮች አንዱ ነበሩ። ተማረኩ፣ እዚሁ ቀሩ፣ ከዚያ ከእኛ ከአሜሪካኖቹ ወገን ሆነው ተዋጉ። ለሰፈሩ ሰው ያስተማሩት እርምጃና አተኳኮስ ሁሉ ከሄሰን ይዘውት የመጡት ነው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ የላቸውም።

«ጠዋት ተነስቼ ጢሜን የምላጨው ለዚህ ሹመት ብዬ ነው» አሉኝ።

ችግሩ ዱላቸው ነበር። በሄሰን የበታች አለቃ ያለ ዱላ አይታይም። ባለፈው ልምምድ የወፍጮ ባለቤቱ ልጅ አንገቱን ቢያዞር ባቱ ላይ አሳረፉበት። የዚህ የፔንሲልቫንያ ገበሬ ደግሞ «ነጻ ሰው እንዴት ይመታል?» ብሎ አኮረፈ።

«አጎት ዮስት፣ ዛሬ እንኳ እኔ ጋ ይተዋት» አለ ማቴስ።

«አንተስ መዶሻህን ትተህ ትሠራለህ?»

«እኔ የምቀጠቅጠው ብረት ድምፅ አይሰጥማ!»

ሽማግሌው አልሳቁም። «እኔም ተመትቼ ነው የተማርኩት። እነዚህ ‹ለምን?› ይላሉ። ጥይትን ለምን ቢሉት ይመልሳል?»

ዝናቡ ሲያባራ ዱላቸውን ብብታቸው ስር ይዘው ወጡ፤ ተከተልኳቸው። በዚህ ሰፈር ምርጫ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ሜዳው ላይ ይቆማሉ፤ ሰው ከመረጠው ሰው ጀርባ ይሰለፋል። ሌላኛው ሳቂታው በርሜል ሠሪ ኤበርት ነበር። ከበሮው ሲመታ ሕዝቡ ወደ እሱ ጎረፈ። ማቴስ እንኳ መሬት መሬቱን እያየ ወደዚያው ሄደ። ዮስት ዞረው አላዩም፤ ሰልፈኛ አንገቱን አያዞርም። ግማሹ ከኋላቸው እንዳለ ሁሉ ፊት ለፊት እያዩ ቆመው ቀሩ።

በመጨረሻ የወፍጮ ባለቤቱ ልጅ መጣ። «አጎት ዮስት፣ ዞር ይበሉ እንጂ» አላቸው ያለ ፌዝ። «ማንም የለም።»

ቤታቸው ልሸኛቸው ብዬ ከኋላቸው ተራመድኩ። አንድ ማሳ እንደተሻገርን ቆሙ።

«በሄሰን ከሰልፉ ጀርባ የሚቆመው ሃምሳ አለቃው ነው፤ የሚሸሽ ካለ እንዲወጋ» አሉኝ። «እና ወዳጄ፣ ወይ ከጎኔ ሂድ፣ ወይ ተመለስ።»