ዎልሱ ፍል ውሃ ቤት የገባው ቀለበት

በኮሪያዋ ማሳን ወደብ ሰፈር ይህን ወሬ ያልሰማ ካለ ዓሣ ብቻ ነው፤ እሱም ገና ያልተጠመደው። የዎልሱ ፍል ውሃ ቤት እድፍ ፈታጊ፣ ጎ ቻሱን፣ የልብ ምትና እንቅልፍ የሚለካ ስማርት ቀለበት አጥልቃ በሠላሳ ቀን ውስጥ ሠላሳ አምስት ዓመት ቀነሰች አሉ። ቀለበቱ ልቧን እንደ ማራቶን ሯጭ አረጋጋው፣ እንቅልፏን የሕፃን አደረገው፣ ጉልበቷን ዘይት ቀባው አሉ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ስማርት ሰዓት ያሰረ ሰው ባለ በርኖስ ሽማግሌ መሰለ። አንዷ ዓሣ ነጋዴማ «ቀለበት እያለ ሰዓት ምን ይሠራል» ብላ የእሷን ለድመቷ አንገት አሰረችው። ድመቲቱም በመጀመሪያው ቀን ዐሥር ሺህ እርምጃ ሞልታ እንኳን ደስ ያለሽ ተብላለች።

ነገሩ ግን ቻሱንን ለሚያውቅ ሰው ከጅምሩ ይሸታል። እድፍ ፈታጊና ቀለበት መቼ ተስማምተው ያውቃሉ? ቀለበት የሰው ጀርባ ይቧጭራል። ሴትዮዋ የጋብቻ ቀለበቷን እንኳ ሥራ በጀመረች ዕለት አውልቃ ሩዝ ማስቀመጫው ውስጥ ከትታዋለች። ዛሬ በምን ጉዷ አጠለቀች? ደግሞስ ሠላሳ አምስት ዓመት የት ሄዶ ይወድቃል?

ቻሱን ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መርከብ ላይ ወጥ ሠሪ የነበረው ባሏ ሲሞት የስምንት ወር ልጇን ዩንሚን በፕላስቲክ ሳፋ አስቀምጣ ዎልሱ ገባች፤ ይኸው አርባ አንድ ዓመቷ። ዩንሚ ዳዴ የተማረችው በሳሙና አረፋ ላይ ስለሆነ እስከ ዛሬ ስትራመድ ትንሽ ትንሸራተታለች ይባላል። ቻሱን የፈተገችው ጀርባ ቢነጠፍ ከማሳን ሶል ድረስ መንገድ ይሆናል፣ ያውም የመመለሻው ጭምር። ከዚህ ሁሉ ጀርባ የተነሣ የሰው ፊት አታውቅም። ገበያ ላይ ሰላም ሲሏት ግራ ገብቷት ትቆይና፣ «ይቅርታ እመቤት፣ እስቲ አንዴ ዞር በይልኝ» ትላለች። ሴትየዋ ስትዞርላት፣ «ውይ! አንቺ ነሽ እንዴ! ልጅሽ ፈተናውን አለፈ?»

መዳፏ ያነባል። አረንጓዴውን ሻካራ ጓንት አጥልቃ ከማጅራት እስከ ወገብ አንዴ ከሳበች፣ «ባልሽ ከባሕር ተመልሷል መሰለኝ፣ ትከሻሽ ደንድኗል» ብላ ታሳፍራለች። ሮዝ ፕላስቲክ የለበሰችው የማሻ አልጋዋ ደግሞ ዙፋኗ ናት። ቤቷ ለእሷ ሥራ እስኪጀምር የምትጠብቅበት ቦታ ነው፤ ኑሮዋ ያለው እዚያች አልጋ ዙሪያ ነው።

ባለፈው መከር ነው ነገር የመጣው። ዐሥራ ዘጠኝ ጀርባ በተከታታይ ፈትጋ፣ ቀዝቃዛው ገንዳ አጠገብ ቁጢጥ አለች፤ ልነሣ ብትል እግሯ እንቢ አላት። የበሩ ገንዘብ ተቀባይ ቦክሬ በረዶ ያለበት ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ አምጥታ አጠጣቻትና ቻሱን ተነሣች። ብርጭቆው ሳያልቅ ግን ወሬው ቻንግዎን ከተማ ያለ የክሬን ፋብሪካ ቢሮ፣ ዩንሚ ጠረጴዛ ላይ ደርሶ ነበር።

«እማዬ፣ በቃሽ» አለች ዩንሚ በዚያው ቀን መጥታ። «ሰባ ልትሞዪ ነው!»

«ስልሳ ዘጠኝ ነኝ። ሰባ የሚሞላው ሌላ ሰው ነው።»

«ወድቀሽ ብትቀሪስ?»

«ወለሉን ራሴ ነኝ የማጥበው፤ ከኔ አልጋ ይነጻል።»

ዩንሚ የእናቷ ልጅ ናትና አልተከራከረችም፤ ስማርት ሰዓት ገዝታ መጣች። ሰዓት ግን የአማት ጠባይ አለው። ያፈጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያዝዛል። ቻሱን ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቆማ ስትፈትግ ውላ አንዴ አረፍ ስትል፣ «ብዙ ተቀምጠሻል፣ ተነሺ» አላት። «ና እስቲ አንተ ፈትግ!» ብላ ጮኸችበት። ደግሞም ጓንት ከላዩ አይገባም፤ ማሰሪያው ሥር ሳሙና ይጠራቀማል። ስለዚህ ሰዓቱ የልብስ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይውላል፤ ከዚያ ሆኖም «እናትዎ ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሱም» እያለ ለዩንሚ ያስታውቃል። ዩንሚ በየሰዓቱ ቦክሬ ጋ ትደውላለች።

«እማዬ በሕይወት አለች?»

«አለች። የወይዘሮ ናምን ቂጥ እየፈተገች ነው።»

ከዚያ ቀለበቱ መጣ። ቀለበት እንግዲህ የምራት ጠባይ ነው ያለው። ቀኑን ሙሉ ትንፍሽ አይልም፣ አይበራም፣ አይጮኽም፤ ማታ ግን ያየውን ሁሉ ለዩንሚ ስልክ ያወራል። ዩንሚ ከእሱ ጋር ውል ይዛ መጣች። «አዲስ ዓመት ሊገባ ሠላሳ ቀን ነው የቀረው። ቀለበቱ በአማካይ ከመቶ ከሰማንያ በላይ የጤና ነጥብ ከሰጠሽ፣ ስለ ማቆም ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ጓንትሽን ትሰቅያለሽ። ቃልሽን ስጪኝ።»

ቻሱን ቃሏን ሰጠች። ቀለበቱንም በመሀል ጣቷ አድርጋ ጓንቱን ከላይ አጠለቀችና የመጀመሪያዋን ደንበኛ፣ ወይዘሮ ናምን፣ አንዴ ሳበቻት።

«ኧረ ገደልሽኝ! ትራክተር ነው እንዴ የነዳሽብኝ?»

በናም ጀርባ ላይ ቀይ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር። ቻሱን ቀለበቱን ወደ ትንሿ ጣቷ አዛወረችው፤ በሳሙና ሾልኮ ሦስት ሴቶች አንበርክኮ አስፈለገ። ቢቸግራት በእግሯ ጣት አጠለቀችው። ያኔ ስልኩ «የልብ ምት አልተገኘም» አለና ዩንሚ አምቡላንስ ልትጠራ ምንም አልቀራት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነጥቡ ሲታይ አርባ አንድ።

«አርባ አንድ?» አለች ቻሱን። «የሠራሁበትን ዘመን ነው እንዴ የቆጠረው?»

ቀኑን ሙሉ አልጋዋን እንደ ሟች ዘመድ እያየች ስትፈትግ ዋለች። ማምሻውን በበሩ ስታልፍ ግን ዓይኗ ቦክሬ ላይ አረፈ። ቦክሬ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከጫማ ሳጥኖቹ ጀርባ በሞቀው ወለል ላይ ተቀምጣ ትውላለች፤ መዋል ከተባለ። ተኝታ ሳለች ሒሳብ ትቀበላለች፣ ተኝታ ሁለት ፎጣ ቆጥራ ትሰጣለች፣ ተኝታ መልስ ትመልሳለች፤ አንድ ሳንቲም ተሳስታ አታውቅም። በማሳን እንቅልፍ ቢዘራ እሷ ማሳው ናት።

«ቦክሬ፣ ጣትሽን አውጪ።»

ቦክሬ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ልታገቢኝ ነው እንዴ፣ እትዬ?»

«ከዚያ ይበልጣል። ሠላሳ ቀን በነጻ እፈትግሻለሁ።»

ቦክሬ ጣቷን አወጣች፤ ዓይኗንም ከደነች።

በማግስቱ ዘጠና አንድ። ከዚያ ዘጠና ሦስት። አንድ እሑድማ ዘጠና ስምንት፤ ያን ቀን ቦክሬ የልደት በዓሏን ስትተኛ ነው ያሳለፈችው። ዩንሚ ደስታዋን አልቻለችውም፤ አንድ ነገር ብቻ ግር አላት።

«እማዬ፣ ሃያ ጀርባ ፈትገሽ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ብቻ?»

«እኔ መቼ እሄዳለሁ? ጀርባው ነው የሚመጣልኝ።»

በሦስተኛው ሳምንት ስልኩ «የሰውነትዎ ዕድሜ ሠላሳ አራት» ብሎ ጻፈ። ዩንሚ ይህን ለቢሮዋ ሴቶች አሳየች፤ የቢሮዋ ሴቶች ለእናቶቻቸው፤ እናቶቻቸው ለዓሣ ገበያው። የዓሣ ገበያው የነገሩትን ጨምሮ ነው የሚያወራው። ሴቶች ቻሱንን ለማየት ብቻ እየመጡ ይታጠቡ ጀመር። ጉንጯን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው፣ «እውነትም! ቀለበቱ ነው!» ይላሉ፤ ቀለበቱ ከጓንቱ ሥር ያለ መስሏቸው። አርባ አንድ ዓመት እንፋሎት የጠጣ ጉንጭ መሆኑን ማንም አላሰበም። ቻሱንም ዝም አለች። ዝም ማለት ውሸት አይደለም ብላ ራሷን አጽናናች። ብቻ ከዚያ ወዲህ ዩንሚ ስትደውል ድምፅዋ ይቀጥን ጀመር።

የአዲስ ዓመት ዋዜማ ደረሰ። የአሮጌ ዓመት እድፍ ይዞ አዲስ ዓመት የሚገባ ሰው የለምና ዎልሱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሴቶቹ በገንዳዎቹ ውስጥ እንደ ዱባ ተደርድረዋል። ዩንሚ አንድ ካርቶን የሩዝ ኬክ ተሸክማ መጣች፤ ሠላሳ ቀኑ አልቋል፣ አማካዩ ዘጠና ሦስት ነው። «አሸንፈሻል እማዬ፤ አልጋው ያንቺ ነው» አለችና ልብሷን አውልቃ የእናቷ ማሻ አልጋ ላይ በደረቷ ተኛች። ቻሱን ልጇን ከፈተገቻት ዓመት አልፏት ነበር።

ጓንቱን አንዴ ሳበችና ጀርባዋን ደግማ ዳሰሰች። ይህ የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ጀርባ አይደለም፤ ሳንቃ ነው። ስልክ ይጮኻል እያለ ሲጠብቅ የከረመ ጀርባ። በዚህች ልጅ ጣት ላይ ያ ቀለበት ቢገባ አርባ አንድ እንኳ አይሰጣትም።

ያን ጊዜ ከሙቁ ገንዳ የወይዘሮ ናም ድምፅ ተሰማ። ናም ሰባ አራት ዓመቷ ነው። በበጋ ልቧ ምቱን ስቶ ሆስፒታል ገብታ ነበር፤ ሐኪሟም ልቧ ሲዛባ የሚያስጠነቅቅ ሰዓት አሥሮላት፣ ሰዓቱ ሁለቴ ጮኾ ሁለቴም በጊዜ አድርሷታል። ለመታጠብ ካልሆነ አታወልቀውም።

«እኔስ ተገላገልኩ!» እያለች ነው ናም። «ሰዓቱን ነገ ለምራቴ እሰጣታለሁ። የቻሱንን ዓይነት ቀለበት አዘዝኩ፤ ሽቅርቅር ብዬ አድርጌው እዞራለሁ።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?» አለች አንዷ።

«ሐኪሙ ምን ያውቃል? ራሱ ሃምሳ ዓመቱ ነው። ቻሱን ሠላሳ አራት ገባች!»

ገንዳው በሳቅ ተናወጠ። የቻሱን እጅ በዩንሚ ትከሻ ላይ ቆመ። የናምን ጀርባ ሠላሳ ዓመት ፈትጋዋለች፤ ከግራ ትከሻዋ በታች ያለችውን ጥቁር ነጥብ ዓይኗን ጨፍና ታገኛታለች። አፏን ብትይዝ አልጋው የእሷ ነው፤ ልጇ ቃሏን ሰጥታለች፤ ማንም አይጠይቃትም። ግን ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ ገመዱን ያቀበለችውስ ማን ልትባል ነው?

ጎንበስ ብላ በልጇ ጆሮ፣ «ዩንሚ፣ ቀለበቱ እኔ ጣት ላይ አልነበረም» አለች።

ዩንሚ ከነአረፋዋ ቀና አለች። «የማን ላይ ነበር?»

ቻሱን በጓንቷ ወደ መስተዋቱ በር አመለከተች። ከበሩ ወዲያ ቦክሬ ተኝታለች፤ ባለ ቀለበቱን እጇን ፎጣ ክምር ላይ እንደ ንግሥት አንተርሳለች።

ዩንሚ አረፋውን ከዓይኗ ጠረገች። «ሠላሳ ቀን ሙሉ የቀናሁት በቦክሬ እንቅልፍ ነው? ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ አሳይቼ! ለአለቃዬ ሁሉ!» ትስቅ ይሁን ታልቅስ አይለይም፤ እዚያ ቤት የሁሉም ፊት እርጥብ ነው። ቆይታ፣ «ያንቺስ? እውነተኛው ስንት ነው?»

«አርባ አንድ።» ቻሱን ጓንቷን አስተካከለች። «ቃል ቃል ነው፣ አልጋውን ልትወስጂብኝ ትችያለሽ። ግን አሁን በጎንሽ ዙሪ፤ ግማሹ ያልታጠበ ሰው ዓመት አይሻገርም።»

ዩንሚ ዞረች። ቻሱን ጎኗን ትፈትግ ጀመር፤ የሚሰማው ጓንቱ ብቻ ነበር። ወደ ግድግዳው እንዳየች ዩንሚ ተናገረች፦

«በቀን ዐሥር ጀርባ። ማክሰኞና ረቡዕ ዕረፍት።»

«ዐሥራ አምስት።»

«ዐሥራ ሁለት። ማታ ማታ ደግሞ ቀለበቱን አንቺው ራስሽ አጥልቀሽ ትተኛለሽ፤ አርባም ይበል ሠላሳ አየዋለሁ።»

«ዐሥራ ሁለትና ወይዘሮ ናም። እሷ ዘመድ ናት፣ አትቆጠርም።»

«እሺ፤ ናም አትቆጠርም።»

«ማነው የማልቆጠረው?» አለች ናም ከገንዳው አንገቷን አስግጋ። «ምን ትንሾካሾካላችሁ? ይልቅ ንገሪና ሁሉም ይስማ፤ ቀለበቱ ከሰዓቱ በለጠ አይደል? ሠላሳ አራት አደረገሽ አይደል?»

ሴቶቹ ሁሉ ከየውሃቸው ቀና አሉ። ቻሱን አንድ ሳፋ ሙቅ ውሃ በልጇ ላይ ገለበጠች፤ ጓንቷን ጨመቀች፤ ወገቧን ይዛ ቀጥ አለች።

«ውሸት ነው። ቀለበቱን ያጠለቅሁት አንድ ቀን ተኩል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያያችሁት ነጥብ ሁሉ የቦክሬ ነው። ሠላሳ አራት አይደለሁም፣ ስልሳ ዘጠኝ ነኝ። ጉልበቴ ይንቋቋል፣ ከአራት ሰዓት በላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቀለበት ማንንም ወጣት አያደርግም፤ ያየውን ያወራል፣ ያንንም ያጠለቀውን ሰው ካወቃችሁ ነው። ናም፣ ያንቺን ሰዓት ምንም አልተካውም፤ ነገ ሳይሆን አሁን፣ ከውሃው እንደ ወጣሽ ታስሪዋለሽ። ያወራችሁት ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ውሸት ነው።»