ሰዓዳ ያላለችው

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህችን እየዘለልኩ ስንት ዓመት አለፈኝ። ለእናንተ መናገሩ የሚቀለኝ ፊታችሁን ስለማላይ ነው። እኔ ንጉሤ በአንዲት ልጅ ላይ ዋሽቻለሁ። የዋሸሁትም ዌብሳይት የሚሠራ ሰው ምረጥ ተብዬ ነው። ለዚህ ብሎ ሰው ይዋሻል? እኔ ዋሽቻለሁ።

ያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት፣ እትዬ የሺ ሆቴል፣ ሪሴፕሽን ላይ እሠራ ነበር። ሆቴል ይባል እንጂ አሥር ክፍል፣ አንድ ምግብ ቤትና ማንጎ የበቀለበት ግቢ ነው። የደሴ ሾፌሮች ምሳ ይበሉበታል፣ ሙቀቱ የከበደው መንገደኛ ያርፍበታል። ሚሌኒየሙን ካከበርን ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖናል። ከተማው "ንጉሤ ኮምፒውተሩ" ይለኝ ነበር። ስሙን ያገኘሁት አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄጄ ነው። ኮምፒውተሩ ሞተ ብለው ሠራተኞቹ ከበውት ሲተክዙ ደረስኩ። ዝቅ ብዬ ሳይ ሶኬቱ ወልቋል። ሰካሁት፣ ተነሣ። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ የኮምፒውተር ሰው ሆንኩ። ኧረ አይደለሁም ማለት እችል ነበር። ለምን አላልኩም? ደስ ስላለኝ ነዋ! እውነቱን ከፈለጋችሁ፣ ከታይፕ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ እሱንም በሁለት ጣት።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ እትዬ የሺን ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አጣኋችሁ፣ እዚያ የላችሁም አላቸው። እትዬ ቀኑን ሙሉ ተቆጥተው ዋሉ። ሰባት ልጅ ወልጄ፣ ሆቴል ከፍቼ፣ መኖሬን አገር እያወቀ እንዴት የለሽም እባላለሁ ነው ነገሩ። በማግስቱ ጠሩኝና "ይህን የምታውቀው አንተ ነህ። አንተ የመረጥከውን ሰው አሠራለሁ" አሉኝ።

ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንዷ ሰዓዳ ናት፤ ከሆቴሉ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡት የእትዬ ዘሃራ ልጅ። ደሴ ኮምፒውተር ተምራ ገና መመለሷ ነበር። እናቷና እትዬ የሺ ደግሞ ከእህት የማይተናነሱ ጎረቤቶች ናቸው። አንዷ ስትታረስ አንዷ ታርሳለች፣ ለዒድም ለፋሲካም አይቀሩም። እትዬ የሺ ቤት ለእነ ዘሃራ ብቻ የሚሠራበት፣ የእኛ ሥጋ ገብቶበት የማያውቅ ድስት ለብቻው ይቀመጥ ነበር። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ የመጣ ሚኪ የሚባል ባለ ጥቁር መነጽር ነው።

ሰዓዳ ደብተር ይዛ መጣች። የእያንዳንዱን ገጽ መልክ በእርሳስ ሥላዋለች። ከፊቴ ተቀመጠችና መጠየቅ ጀመረች። ስሙ በማን ይመዝገብ? ፎቶውን ማን ያነሣል? እንግዳ ክፍል ልያዝ ብሎ ሲጽፍ ለማን ይድረስ? እኔ አገጬን እያሻሸሁ እህ፣ እህ እላለሁ። በመጨረሻ ሆቴሉ ኢሜይል አለው ወይ አለችኝ። አለው፣ ግን ለእድሳት ተዘግቷል አልኳት።

ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። አልሳቀችም። ቀና ብላ አየችኝና "ችግር የለም ጋሼ፣ ቀስ ብዬ አሳይዎታለሁ" አለች። አወቀችብኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዲት የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ፣ ያውም ሳታዋርደኝ፣ አወቀችብኝ።

ሚኪ ምንም አልጠየቀኝም። ላፕቶፑን ከፍቶ እየዘጋ፣ እንደ አንተ ላለ ባለሙያ ማስረዳት አያስፈልግም አለኝ። ትከሻዬ ከፍ ሲል ይታወቀኛል። እኔ ሚኪን የመረጥኩት ለዚህች ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ምን ሠርቶ እንደሚያውቅ እንኳ ሳልጠይቀው!

እትዬ የሺ ግን ልባቸው ሰዓዳ ላይ ነበር። የዘሃራ ልጅ እያለችልኝ ለምን ሩቅ እሄዳለሁ አሉ። ያን ጊዜ ነው ያልኩት። እዚህ ላይ ቃሉን ሳላሳምር ልጻፈው።

"ጠይቄያት ነበር እኮ እትዬ። ቢራ ለሚሸጥ ቤት አልሠራም፣ ሐራም ነው አለችኝ።"

እትዬ የሺ "ሰዓዳ ናት እንዲህ ያለችው?" አሉ። አዎ አልኩ። ሁለተኛ የመመለሻ በር ተከፍቶልኝ ነበር፤ እኔ ግን አዎ አልኩ። ሰዓዳ እንዲህ ያለ ነገር አልወጣትም። ከራሴ አፍ አውጥቼ በሃይማኖቷ አስታክኬ አፏ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ለእሷ ደግሞ እትዬ ሌላ ሰው አግኝተዋል አልኳት። እሺ ብላ ደብተሯን አጥፋ ሄደች።

ዌብሳይቱ ከሦስት ወር በኋላ ደረሰ ተባለ። እትዬ የሺ አዲስ ነጠላ ለብሰው ኢንተርኔት ቤት ሄድን። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ስዕሉ ከላይ ወደ ታች እየተንጠባጠበ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ሰማይ መጣ። ቀጥሎ ባሕር መጣ። ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ አሸዋ።

እትዬ ወደ እኔ ዞረው ይህ ባሕር የማን ነው አሉ። ዲዛይን ነው አልኳቸው። አጠገባችን የነበረ የእንግሊዝኛ መምህር ጽሑፉን ሲያነብልን በየክፍሉ ማሞቂያ አለ ይላል። ማሞቂያ፣ ሮቢት! አንሶላ በውኃ ነክረን በምንተኛበት አገር። ከየትኛው በረዷማ አገር ሆቴል እንደገለበጠው እግዜር ይወቅ። ሚኪ ጋ ስደውል ስልኩ ተዘግቷል።

ከዚያ ወዲያ የመጡትን ሙሽሮች አልረሳም። ሰፊ ባርኔጣ አድርገው፣ የዋና ልብስ ይዘው ከመኪና ወረዱና ባሕሩ በየት በኩል ነው አሉ። እትዬ የሺ እንግዳ አያሳፍሩም። ራሳቸው እየመሩ ሮቢ ወንዝ ወሰዷቸው። በጋ ነው፤ ውኃው ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም፣ እሱንም ከብቶች ቀድመው ገብተውበታል። ሙሽራው ሱሪውን ጠቅልሎ መሃል ቆመ። ሙሽሪት ፎቶ አነሣችው። ከዚያ በኋላ ከተማው እትዬ የሺን "ባለ ባሕሯ" ሲል ከረመ። እኔም ሳልስቅ አልቀረሁም።

ይህ የሚያስቀው ነው። የማያስቀው ከመንገዱ ማዶ ነበር። እትዬ የሺ ቅሬታቸውን ፊት ለፊት የሚናገሩ ሰው አይደሉም። የእትዬ ዘሃራን ሰላምታ በራስ ንቅናቄ ብቻ መመለስ ጀመሩ። እትዬ ዘሃራም ኩሩ ናቸው፤ ምን አጠፋሁ ብለው አልጠየቁም። ለዒድ እትዬ የሺ በመሄድ ፋንታ እንኳን አደረሳችሁ በልልኝ ብለው ላኩ። ማንን ላኩ? እኔን። ሰዓዳ በደሴ መንገድ ያለችው ካራቆሬ ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ የሰው ማመልከቻ ትተይብ ጀመር። ሁለቱ ሴቶች በሃያ እርምጃ ርቀት ሁለት ዓመት ሳይጠያየቁ ኖሩ። እኔ በየቀኑ መሃላቸው ባለው መንገድ አልፍ ነበር።

በመጨረሻ የተሸነፉት እትዬ የሺ ናቸው። እትዬ ዘሃራ ታመው መተኛታቸውን ሲሰሙ አላስቻላቸውም፣ ሽማግሌ ልላክ አሉ። አንድ ቄስ፣ አንድ ሐጂ፣ ሦስተኛው ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ያውቀዋል የተባለው ሰው ተመረጠ። ገብቷችኋል። እኔ ነኝ።

እትዬ ዘሃራ ቤት ተቀመጥን። ሰዓዳ ከካራቆሬ ተጠርታ መጥታለች። ሐጂው ነገሩን አነሡ፤ ልጄ፣ ቢራ ለሚሸጥ ቤት አልሠራም ብለሻል ይላሉ አሏት። እኔ ምንጣፉን አየሁ። ቀና ስል ሰዓዳ እያየችኝ ነበር። ያለማንም ነጋሪ ሁሉም ነገር እንደገባት ከዓይኗ አነበብኩ። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ።

"እንዲህ ማለቴን አላውቅም" አለች። "ግን እትዬን ያስከፋ ቃል ከአፌ ወጥቶ ከሆነ አውፍ ይበሉኝ።"

እትዬ የሺ ተነሥተው አቀፏት፣ አለቀሱ። ወደ አልጋው ሄደው ከእትዬ ዘሃራ ጋር ተላቀሱ። ቄሱ መረቁ፣ ሐጂው ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ሐጂው ወደ እኔ ዞረው፣ የተጣላ የምታስታርቅ፣ አላህ ዕድሜህን ያርዝመው አሉኝ። አሜን አልኩ።

ዌብሳይቱን በኋላ ሰዓዳ ሠራችው፤ ኢሜይል አጠቃቀሙንም ቀስ ብላ አሳየችኝ። ስለዚያ ነገር አንድ ቀን አንድ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ልጅ ነበርኩ እንዳልል አርባ አልፎኝ ነበር። ሚኪ አታለለኝ እንዳልል ምረጥ የተባልኩት እኔ ነኝ። ይቅርታውንም ከእናንተ አልጠይቅም፣ የይቅርታው ባለቤት ሰዓዳ እዚሁ ከተማ አለች። ታዲያ ለምን ሄጄ አልነግራትም? ይህን ጥያቄ እኔም ስጠይቀው ኖሬያለሁ።

ባለፈው ዒድ እነ ዘሃራ ቤት ተጠርተን ነበር። እትዬ የሺ አርጅተዋል፤ ሰዓዳን አጠገባቸው አስቀምጠው ጉልበቷን መታ መታ እያደረጉ "ያን ጊዜ ያልሽኝን እኔ ከልቤ አውጥቼዋለሁ፣ አንቺም አታስቢው" አሏት። ሰዓዳ "እሺ እትዬ" አለች። እኔ ከጎናቸው ተቀምጫለሁ።