በሽማግሌ የታረቀው ዜማችን

ባለፈው እሑድ ዋጃ ከተማ በተጠራንበት ሠርግ ላይ ሁለተኛውን ዘፈን ገና እንደጀመርን... ሦስት ሽማግሌዎች ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ እኛ መጡ።

ሊሸልሙን መስሎኝ ግንባሬን አዘጋጀሁ።

«እኛ» የምላችሁ የቆቦዎቹ የፀጉር ቤት አራት ድምፀኞች ነን። ፀጉር አስተካካዩ ሰይድ፣ ባጃጅ ነጂው ካሳው፣ ልብስ ሰፊው ሞላ፣ እና መሥራቹ ባለወፍራም ድምፅ እኔ። ከአራት ዓመት በፊት አራት ፈረንጆች ፀጉር ቤት ውስጥ ቆመው፣ ያለ አንዳች መሣሪያ፣ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ እያለ ሲዘፍኑ በስልኬ አየሁና «ይሄ ለቆቦ ያስፈልጋል» ብዬ ወሰንኩ። ቆቦን ግን አልጠየቅኳትም።

ፈረንጆቹ ባለመስመር ሰደርያ ለብሰው ስለነበር ሞላ ለእኛም ሰፋልን... ከፍራሽ ጨርቅ። በዚህ ቆላ ሙቀት እሱን ለብሶ መቆም ብቻውን ጥበብ ነው።

የዋጃው ሠርግ የመጀመሪያ መድረካችን ነበር። እስከዚያ ድረስ አድማጫችን ፀጉሩ ተጋምሶ መውጣት ያልቻለ ደንበኛ ብቻ ነው።

ትልቁ ሽማግሌ፣ አባ ይማም፣ እጃቸውን አነሡ። ዘፈኑን አቋረጥን።

«ልጆቼ፣ በሰው ደስታ ላይ? ምን አጣላችሁ?»

«ኧረ አባ፣ አልተጣላንም!» አልኩ።

«እንዴት አልተጣላችሁም? ይሄ ወደ ላይ ይሸሻል፣ አንተ ብቻህን ቁልቁል ትወርዳለህ፣ እነዚህ መሐል ይንከራተታሉ። ሠርገኛው ማንኛችሁን ተቀብሎ ያጨብጭብ? በሉ ቁጭ በሉ።»

ቁጭ አልን። ስለ አራት ድምፅ ውበት ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጠሁ። አባ ይማም በትዕግሥት ሰሙኝና ወደ ሰይድ ዞሩ።

«አንተስ ልጄ? የሆድህን ተናገር።»

«ምንም የለም አባ» ይላል ብዬ ስጠብቅ... የሰይድ ዓይን እንባ አቀረረ።

«ወላሂ አባ፣ አራት ዓመት ቻልኩት! ይሄ ሰው ከዜማ ወጥቶ ይጮህብናል። ደንበኛ ሸሸኝ። እንዳይከፋው ብለን ነው ዝም ያልነው።»

«እኔስ?» አለ ካሳው። «ከኋላዬ ተቀምጦ ሲለማመድ የባጃጄ ሞተር የተበላሸ መስሎኝ ሁለቴ አስፈትቻለሁ።»

ሞላ ደግሞ በአዎንታ ራሱን ብቻ ነቀነቀ... ይሄ ነው የባሰብኝ።

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ። የሦስቱንም ትከሻ ስሜ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ከዚያ ለአንድ ዘፈን አፌን እንድዘጋ።

ሳምኩ። ዘጋሁ።

ሦስቱ ጀመሩ... እና ጉድ ነው! ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሠርገኛው ተነሣ፣ አባ ይማም ራሳቸው ዱላቸውን ይዘው ጭፈራው መሐል ገቡ። ጥግ ቆሜ ሳጨበጭብ የሙሽራዋ እናት ትከሻዬን ነካ አድርገው «አይዞህ ልጄ፣ ዋናው መታረቃችሁ ነው» አሉኝ።

ቡድናችን አልፈረሰም። እንዲያውም ለመጪው ቅዳሜ ጎብዬ ከተማ ለሚደረግ ሠርግ ተጠርተናል። እኔም አለሁበት፤ ሰደርያዬን ለብሼ፣ አፌን ብቻ እያንቀሳቀስኩ።

ቆቦ እንዲህ ያለ የሚያምር ወፍራም ድምፅ ኖሯት አያውቅም።