በሁለት እግር እስከ አባቴ ደጅ

ዓርብ ንጋት፣ ኮረም

ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ሰው ሠራሽ እግሬን አጠለቅሁ። የኮረም ብርድ ሌሊቱን ፕላስቲኩን በረዶ አድርጎት አድሯል። ካልሲ ደራርቤም ቅዝቃዜው አልቀረልኝም። ከአዲስ አበባ ከተነሳሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ደክሞኛል፤ እውነቱን ለመናገር ከውድድሩ ወዲህ ድካሙ ከላዬ አልወረደም።

ውድድሩን ለማታውቁ፦ ሐዋሳ ላይ ነው፣ ሐይቁን ዋኝቶ፣ ብስክሌት ነድቶ፣ በመጨረሻ ሮጦ መጨረስ ነው። ስዋኝ ሰው ሠራሹን እግር ዳር ላይ ትቼው እገባለሁ። ስወጣ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ሄጄ አጠልቀውና ብስክሌቱ ላይ ጉብ እላለሁ። ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣሁ። ለጨረሰ ሁሉ ሜዳሊያ ስለሚሰጥ እኔም አንገቴ ላይ ጠለቀልኝ። ሩጫው ግን ከጉልበቴ በታች የቀረችውን ቁራጭ ልጦ ነው የለቀቃት። ቁስሉ እስኪሽር እግሩን እንዳላደርግ ተነግሮኛል። እኔ ደግሞ አባቴ ሊያዩኝ የሚገባው ቆሜ ስሄድ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ።

ሹፌሩ ኪሮስ ስንዴ ጭኖ ወደ ሰቆጣ ይወርዳል፤ ነገ ደግሞ ወደ ደሃና ይዘልቃል። ሠላሳ ብር ተቀብሎኝ ጋቢና አስገባኝ። ገና ከከተማው ሳንወጣ በአገጩ ወደ እግሬ አመለከተ።

«ፈንጂ ነው?»

«አዎ፣ ፈንጂ ነው።»

«ስንቱን ጨረሰው! አጆኺ» አለኝ በትግርኛ፤ በርቺ ማለቱ ነው።

ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ጦርነቱ አልቆ ስንት ዓመት፣ ሚሊኒየሙም ተከብሮ አልፎ፣ አሁንም ሁሉም የሚያስበው ፈንጂ ነው። ይመቸኛል። እውነቱን ብናገር ጣት የሚቀሰረው አባቴ ላይ ነዋ።

አባቴ ወጌሻ ነበሩ። ስብራት ያለበት ሁሉ ከየመንደሩ እሳቸው ጋ ይመጣል። ልጅ ሳለሁ ከምንጭ ውሃ ቀድቼ ስመለስ አንሸራትቶኝ ቅልጥሜ ተሰበረ። አባቴ በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ጥፍር አድርገው አሰሩት። አመመኝ ብዬ ሳለቅስ «አጥንቱ ሲገጥም ነው፣ ቻይው» አሉኝ። ጣቶቼ ሲጠቁሩ ጊዜ ነው ሰው ጮኾ በቃሬዛ ያወጣኝ። ሐኪም ቤት ቆረጡት። ከዚያ አጎቴ አዲስ አበባ ወሰደኝና እዚያው አደግሁ። እናቴ ቀድማ ሞታለች፤ አባቴ ደግሞ አንድም ቀን አልመጡም። እኔም አልሄድኩም።

ዓርብ ማምሻ፣ ሰቆጣ

መንገዱ ቁልቁል፣ ጠመዝማዛ፣ ድንጋይ፣ አቧራ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ቁስሌ ፕላስቲኩን ይመታል፤ ጥርሴን ነክሼ ደረስኩ። የድንጋይ ቤቶቹ ጀንበር ስትጠልቅ ቀይ ሆነዋል፤ ውብ ናቸው፤ ግን ደክሞኝ አይቼ አልጠገብኳቸውም።

ያረፍኩት የአባቴ እህት አክስቴ ወርቄ ዘንድ ነው። እንደ አገሩ ደንብ ለእንግዳ እግር ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ይዛ መጣች።

«ጫማሽን አውልቂ እንጂ፣ ልጠብሽ።»

«ይቅር አክስቴ፣ ታጥቤ ነው የመጣሁት» አልኳት። ፕላስቲኩንም ቁስሉንም እንድታይ አልፈለግሁም። ቅር አላት፤ ደንቡን ንቄ መሰላት።

የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ ከላዩ ነጭ ማር አቀረበች። እየበላን የአባቴን ነገር አነሳች።

«ካንቺ ወዲህ የሰው አጥንት አልነካም። ክንዱ የተንጠለጠለ ሰው ቢመጣበት እንኳ ‹ሐኪም ቤት ውሰዱት› ብሎ ይገባል። ስምሽ ሲነሳ ደግሞ ተነስቶ ይወጣል። ነገ በቅሎ ላፈላልግልሽ?»

«በእግሬ ነው የምገባ።»

«ምን ያጨቃጭቅሻል፣ በቅሎ ላይ ብትወጪ?»

ምን ልበላት? በሸክም የወጣሁበት መንገድ ላይ በሸክም አልመለስም። አባቴ ስራመድ ካዩኝ ከደረታቸው የሆነ ነገር ይወርድላቸዋል ብዬ ነው ይህን ሁሉ አገር ያቋረጥኩት።

ቅዳሜ፣ ደሃና

ኪሮስ ወደ አባቴ መንደር የሚወስደው የእግር መንገድ ከሚጀምርበት ቦታ አቆመ። ከመኪናው ጀርባ ዱላ ፈልጎ ሰጠኝ።

«ከዚህ ወዲያ ጎማ የለም። ትችያለሽ?»

«ሐይቅ ዋኝቻለሁ እኮ!»

«ሐይቅ ዳገት የለውም» አለና መኪናውን አስነሳ።

እውነቱን ነው። ገብስ የጫኑ አህዮች እየቀደሙኝ ያልፋሉ፤ ነጂዎቹ ሰላም ይሉኛል፤ እኔ ለሰላምታ የሚሆን ትንፋሽ የለኝም። ጥቂት እሄዳለሁ፣ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ፣ ማንን እንደምረግም ሳላውቅ እራገማለሁ። ካልሲዬ ረጥቧል፤ ላብ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ውድድሩ ላይ ቢያንስ ዳር ቆሞ የሚያጨበጭብ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ደጅ

አባቴ አጥር ሥር ቁጢጥ ብለው እሾህ ያስራሉ። አርጅተዋል። ቀና ሲሉ መጀመሪያ ያዩት ፊቴን አይደለም፣ እግሮቼን ነው።

«በእግርሽ ነው የመጣሽ?»

«በእግሬ ነው፣ አባዬ።»

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ይዘው ቀና አደረጉኝ። እኔም ሜዳሊያውን አውጥቼ አሳየኋቸው።

«ምንድን ነው?»

«የውድድር ነው። ሐይቅ ዋኝቼ፣ ብስክሌት ነድቼ፣ ከዚያ ሮጬ።»

«ማን እያባረረሽ?»

ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸው ከልባቸው ነው የጠየቁት።

ከውስጥ ውሃ ይዘው ወጡ። አክስቴ ቤት እምቢ ያልኩትን እዚህ እምቢ የምልበት አቅም አልነበረኝም። ደህናውን እግሬን አጠቡ። የሌላውን ጫማ ሲፈቱ እጃቸው ፕላስቲኩ ላይ ቆመ። እኔው ራሴ እግሩን ነቅዬ ካልሲውን አወለቅሁ። ደም ነበረው።

«የቀረው ይሄ ነው?» አሉ።

«ይኸው ነው።»

ቁስሉን በቀስታ አጠቡት፤ ማር ቀቡት፤ ከንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቀድደው መጠቅለል ጀመሩ። በየዙሩ ቀና ይላሉ።

«ጠበቀሽ?»

«አልጠበቀም።»

«አሁንስ፣ ጠበቀሽ?»

ከመላላቱ የተነሳ ጉልበቴን ሳነሳ ጨርቁ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ሌላ ቀድደው እንደገና ጠቀለሉ፤ እሱም ወደቀ።

«አባዬ፣ ጠበቅ ያድርጉት።»

እምቢ በማለት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ካመመኝ እነግርዎታለሁ።»

«ያኔም ነግረሽኝ ነበር» አሉ።

አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። ጨርቁን አንስቼ እጃቸው ላይ አደረግሁት። «አሁን ይሰሙኛል» አልኳቸው።

ጨርቁን ማየት ትተው ፊቴን እያዩ ሳቡት።

«አሁንስ?»

«ትንሽ ይጨምሩ።»

ጨመሩ። «አሁንስ?»

«አሁን ልክ ነው፣ አባዬ።»

ቋጠሩትና እጃቸውን እዚያው ላይ እንዳሳረፉ ቆዩ።