ሁለቱ ሦስት ሰባ አምስት ጥይቶች

ከጠየቃችሁኝ ልንገራችሁ፤ ደክሞኛል ግን። ከቃሊቲው መጋዘን ጥበቃ ወጥቼ እስከ ኮዬ ፈጬ አውቶቡስ ላይ ቆሜ ነው የመጣሁት። ወገቤ ተቆርጧል።

ስልካችሁ ላይ ሁለቱን ጥይቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ «ጋሽ በለጠ፣ እርስዎ የቱን ይመርጣሉ?» አላችሁኝ። በሁለቱም ተኩሻለሁ። ሁለቱም ሦስት ሰባ አምስት ይባላሉ፤ የእርሳሳቸው ውፍረት አንድ ነው። የድሮው ረዘም ያለና ከግርጌው ቀለበት ያለው ነው፤ አዲሱ አጠር፣ ደንደን ያለ። ጎሽ ለመጣል አንዱ ከአንዱ አያንስም። የርዝመታቸው ልዩነት የትንሽ ጣት ጥፍር ቢያህል ነው። ያቺ ጥፍር ናት የሰው እግር የበላችው።

የካቲት ነበር፣ ኦሞ ሸለቆ። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ምላስ ያደርቃል። እኔ ያኔ እንግዳ ይዤ ጫካ የምገባ አዳኝ ነበርኩ፤ ታደሰ ደግሞ ዱካ አንባቢዬ። ሳሪስ አቦ ተወልዶ የጎሽ ኮቴ ማንበብን ከየት እንደተማረው እግዜር ይወቀው! እንግዳችን ከውጭ አገር የመጣ ነው፤ የእሱ ጠመንጃ የረጅሙን ጥይት፣ የእኔ የአጭሩን ይጎርሳል።

ያን ቀን ዝናሬን ስታጠቅ ታደሰ አየኝና ሳቀ። ግማሹ ባዶ ነው። «ይሄን ታጥቀህ ነው እንግዳ ፊት የምትቆመው? ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ መስለሃል!» አለኝ። በእኛ ሙያ ጎዶሎ ዝናር ታጥቆ መውጣት ነውር ነው። ከእንግዳው ሳጥን አምስት ጥይት ለምኜ ሞላሁት። ለእኔ ጠመንጃ እንደማይሆን አውቃለሁ እኮ! ለዓይን ነው። የእሱን በግራ፣ የራሴን በቀኝ ሰካሁና ነገሩን ረሳሁት።

ረፋዱ ላይ እንግዳው አንድ ኮርማ ጎሽ ተኩሶ ሆዱ ላይ አቆሰለው። የቆሰለ ጎሽ ትቶ መሄድ የለም። እንግዳውን ዛፍ ሥር አስቀምጠን እኔና ታደሰ ዱካውን ያዝን። ደሙ ጠቁሯል፣ ፈርስ ተቀላቅሎበታል። ዱካው እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገባ በሆዳችን ተሳብን። ነፋሱ ዞሮ ከጀርባችን መጣ፤ ይሄኔ ፈራሁ።

ታደሰ ብድግ አለና ቆመ። «በለጠ፣ ጎሹ አየኝ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ጎሹ ከሃያ እርምጃ ተነሣ። ሦስት ጊዜ ተኮስኩ፤ ጠመንጃው የያዘው ሦስት ነው። ጎሹ ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም። እጄን ወደ ቀኝ ሰድጄ አንድ ጥይት አጎረስኩ፤ መዝጊያው አልዘጋ አለ። አውጥቼ ጣልኩና ሌላ አጎረስኩ። እሱም አልዘጋም። ጎንበስ ብዬ ባይ፣ በሆዴ ስሳብ ዝናሩ ወገቤ ላይ ዞሯል፤ የእንግዳው ጥይቶች ቀኝ መጥተዋል! በግራ እጄ የራሴን መዝዤ እስካጎርስ ጎሹ ታደሰን በቀንዱ ጭኑን ወግቶ አንሥቶት ነበር። አፈሙዙን የጎሹ ጆሮ ሥር አስጠግቼ ቃታ ሳብኩ። ጎሹ ታደሰ እግር ላይ ወደቀ።

ታደሰ ተረፈ። እግሩ ግን አይታጠፍም። ዓመታት ሙሉ ለሰው ሁሉ «ያ የአጭር ጥይት ጠመንጃ ባይከዳን ኖሮ» እያለ ያወራል፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ማፈር ያደክማል፣ ልጆቼ። አሁን መጋዘኑን ስረከብ የተሰጡኝን ጥይቶች አንድ በአንድ አገላብጬ ሳላይ አልቀመጥም፤ ተረኞቹ ይስቁብኛል። የማትተኩሰውን አትታጠቅ፣ ሌላ የምመክራችሁ የለኝም።

ባለፈው እሑድ ሳሪስ ሄጄ ለታደሰ ሁሉንም ነገርኩት። ዝናሩን፣ አምስቱን ጥይት፣ መዞሩን። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን፣

«ታዲያ አሁን ምን አድርግ ብለህ ነው የነገርከኝ? ጠመንጃውን መጥላት ይቀለኝ ነበር» አለ።

ታክሲ ድረስ ልሸኝህ ብሎ አብሮኝ ወጣ። ወትሮ ስንሄድ ክንዴን ይዞ ይደገፈኛል። እሑድ ግን በግድግዳው ጥግ፣ ግድግዳውን እየያዘ ሄደ።